ሦስቱን ዲስኮች ዛሬ ማታ አያብሯቸው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አጎቴ ይሠራበት ከነበረ ቢሮ በወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ሲጌት ኤስቲ-225 የሚል እንደ ጡብ የከበደ ሃርድ ዲስክ አገኘሁ። ነገሩ ስለማረከኝ ምናለሽ ተራ ሄጄ ሁለት ጨመርኩ፤ አንዱ ኳንተም ፕሮድራይቭ ኤልፒኤስ 52፣ ሌላው ኮነር ሲፒ-3044 ይላል። ስብስብ ልጀምር አስቤያለሁ። እንዴት ነው የሚሠሩት? ልክፈታቸው ወይስ ልተዋቸው? ቀጥሎስ ምን ልፈልግ? ዛሬ ማታ ላበራቸው ነው።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አስደንግጣኛለችና ከእርሷ ልጀምር። እባክዎ ዛሬ ማታ አያብሯቸው። ሠላሳ ዓመት ተኝቶ የኖረ ዲስክ ይነሣ አይነሣ የሚወሰነው ኤሌክትሪክ ባገኘባቸው የመጀመሪያ ሴኮንዶች ነው፤ በእነዚያ ሴኮንዶች የተበላሸውን ደግሞ ማንም አይመልስልዎትም። ሳያውቁት ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ይዘው ወደ ቤት ገብተዋል። ሲጌቱ የሚሞተው በአንድ መንገድ ነው፣ ኳንተሙ በሌላ፣ ኮነሩ በሦስተኛ። አሟሟታቸው የሚለያየውም አሠራራቸው ስለሚለያይ ነው። ስለዚህ «እንዴት ይሠራሉ?» ለሚለው ጥያቄዎ በበሽታቸው በኩል እመልሳለሁ፤ እኔም የተማርኩት በዚያው በኩል ነው።

መጀመሪያ ግን መሠረቱ። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያንብቡልኝ።) ነገሩ የተጀመረው በ1956 ነው። በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ከተማ በነበረው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ በሬይኖልድ ጆንሰን የሚመራ ቡድን ራማክ ለተባለው ኮምፒውተር 350 የተሰኘውን የዲስክ ማከማቻ ሠራ። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ቁም ሣጥን ነበር። በውስጡ 50 ሳህኖች በአንድ ዘንግ ላይ ተሰክተው በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይዞራሉ፤ የእያንዳንዱ ሳህን ስፋት 61 ሴንቲሜትር ነው፤ የእንጀራ ምጣድ ማለት ነው። ሃምሳ ምጣድ ተደራርቦ ሲሽከረከር ያስቡት! ያ ሁሉ ብረት ተሸክሞ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር፤ ዛሬ በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ይሞላዋል። ለሃምሳውም ሳህን የነበረው ክንድ አንድ ነው። እንደ አሳንሰር ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ የተፈለገው ሳህን ጋ ሲደርስ ሁለት ራሶቹን (የሚያነቡትንና የሚጽፉትን ጫፎች) ወደ ውስጥ ይዘረጋ ነበር። ሳህኑን እንዳይነኩ የሚያደርጋቸው ከመጭመቂያ የሚመጣ የተነፋ አየር ነው።

የሳህኖቹ ገጽ በደቃቅ የብረት ዝገት የተሞላ ቀለም የተቀባ ነበር። መሐንዲሶቹ ቀለሙን በሴቶች ስስ ካልሲ አጥልለው፣ እየተሽከረከረ ባለ ሳህን መሃል ላይ ያፈሱትና ወደ ዳር በእኩል እንዲሰራጭ ያደርጉ ነበር። ዘመናዊ ቴክኖሎጂ የምንለው ነገር ሁሉ አንድ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ የወጥ ቤት ብልሃት አይጠፋውም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቢለወጥም መሠረቱ ያው ነው። ሳህኑ ላይ ያለው ዝገት በጥቃቅን ማግኔቶች የተሞላ ማሳ ነው። መጻፊያው ራስ በላዩ ሲያልፍ በውስጡ ያለው ጥምጥም ሽቦ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ እየገለበጠ ማግኔቶቹን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ያስተኛቸዋል። ሲነበብ የሚሰማው የማግኔቱ አቅጣጫ አይደለም፤ አቅጣጫው የተለወጠበት ድንበር ነው። ሳህኑ ሲዞር ድንበሩ በራሱ ሥር ያልፍና ሽቦው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ይፈጥራል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው በምትና በምት መካከል ስንት ጊዜ እንዳለፈ ብቻ ነው። ፊደሉ፣ ቁጥሩ፣ ሥዕሉ ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ጊዜ ልዩነት ነው። ይህን ይያዙልኝ፤ ሲጌቱ ጋ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ትልቅ እርምጃ የመጣው በ1973 ነው። አይቢኤም 3340 የተባለውን ሲያቅድ ሁለት ባለ 30 ሜጋባይት ክፍሎች እንዲኖሩት ታስቦ ነበርና የሥራው መሪ ኬን ሆተን «30-30 ከሆነ ዊንቸስተር ነው» አለ፤ በዚያ ቁጥር የሚታወቀውን የዊንቸስተር ጠመንጃ ማለቱ ነው። ስሙ ተጣብቆ ቀረ፤ ለብዙ ዓመታት ሃርድ ዲስክ ሁሉ ዊንቸስተር ይባል ነበር። ከዚያ በፊት ዲስኩ ከመቆሙ በፊት ራሶቹ ከሳህኑ ላይ ተነሥተው ይወጡ ነበር። ዊንቸስተሩ ግን ራሶቹን በጣም ቀላል አድርጎ ዲስኩ ሲቆም እዚያው ሳህኑ ላይ እንዲያርፉ፣ ሲነሣ ደግሞ ከዚያው እንዲነሡ አደረገ። እንዳይፋጩ ሳህኑ በስሱ ቅባት ተቀባ። ራሱ፣ ክንዱና ሳህኑ አንድ ላይ ታሸጉ። የእርስዎ ሦስቱም ዲስኮች የዚያ ልጆች ናቸው። ከበሽታዎቻቸው አንዱም የተወረሰው ከዚያ ነው፦ ለዓመታት ያረፈ ራስ በቅባቱ ምክንያት ከሳህኑ ጋር ይጣበቃል። ሁለት የረጠበ ብርጭቆ አጣብቀው ለማላቀቅ ሞክረው ያውቁ ከሆነ ነገሩ ይገባዎታል። ሞተሩ ለመዞር ይታገላል፣ ያጉረመርማል፣ አቅም ያጣል። ሲብስም በጉልበት ሲላቀቅ ራሱን ከክንዱ ይገነጥለዋል።

ሳህኑ ሲዞር ግን ራሱ አይነካውም። ሳህኑ ይዞት የሚዞረው አየር ከራሱ ሥር እየገባ ያንሳፍፈዋል። የ1980ዎቹ ዲስክ ላይ ከፍታው አንድ ሚሊሜትር ለሁለት ሺህ ቢከፈል የሚደርሰው አንዱ ክፍል ገደማ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚያ ከመቶ እጥፍ በላይ ይሆናል፤ የሲጋራ ጭስ ቅንጣት እንኳን በመካከል አይገባም። ይህ የአዲስ አበባ ሰውን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለው። የሚያንሳፍፈው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ራሱ ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል። አምራቾች በአብዛኛው ዲስኮቻቸው እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ እንዲሠሩ ይፈቅዳሉ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ናትና ፈቃዱ ውስጥ ነን፤ ግን ዳሩ ላይ ነን። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ኤስቲ-225 ለማብራት የሚያስብ ካለ ይተወው።

እንግዲህ ወደ ሲጌቱ። ሲጌት ሥራ የጀመረው በ1979 ነው፤ መሥራቾቹ መካከል አላን ሹጋርትና ፊኒስ ኮነር ነበሩ። በ1980 ኤስቲ-506ን አወጡ፤ ባለ 5 ሜጋባይት ነበር፤ ለግል ኮምፒውተር በሚመጥን መጠን የተሠራ የመጀመሪያው ባለ 5.25 ኢንች ሃርድ ዲስክ ነው። ተከታዩ ባለ 10 ሜጋባይቱ ኤስቲ-412 በ1983 በወጣው የግል ኮምፒውተር፣ በአይቢኤም ኤክስቲ ውስጥ ገባ። የእርስዎ ኤስቲ-225 ከእነዚያ ቀጥሎ የመጣና ቁመቱ በግማሽ የቀነሰ ነው። ርካሽ ስለነበር ዓለምን አጥለቀለቀ፤ ምናልባትም ለዚህ ነው አጎትዎ ቢሮ የደረሰው። ራሱ በአንድ ቦታ ቆሞ የሚጽፍበት ክብ መስመር ትራክ ይባላል፤ በሁሉም ገጾች ላይ በአንድ ርቀት ያሉት ትራኮች አንድ ላይ ሲሊንደር፣ የትራኩ ቁራጭ ደግሞ ሴክተር። ሂሳቡን እንሥራ፦ 615 ሲሊንደር፣ 4 ራስ፣ በአንድ ትራክ 17 ሴክተር፣ በአንድ ሴክተር 512 ባይት። ቢያባዙት 21,411,840 ባይት ይመጣል። «20 ሜጋባይት» የሚባለው ይህ ነው።

ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው ስቴፐር ሞተር ነው፤ በተቆጠረ እርምጃ የሚሄድ ሞተር ማለት ነው። ሲነሣ የሚሰሙት ያ እንደ አሮጌ በር የሚያቃስት ድምፅ የእርሱ ነው፤ እኔ እንደ ሙዚቃ ነው የምሰማው። ስቴፐሩ የት እንደደረሰ አያይም። «ሦስት መቶ አሥር እርምጃ ሂድ» ሲባል ይሄዳል፣ እዚያ ትራክ መኖሩን አያረጋግጥም። በጨለማ ቤት ውስጥ እርምጃውን እየቆጠረ መኝታው ጋ እንደሚደርስ ሰው ነው። ቤቱ ካልተለወጠ ይደርሳል። ግን ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል፤ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ከሃያ በላይ ትራኮች በተደረደሩበት ሳህን ላይ ትንሽ መርዘም ራሱን ከትራኩ ዳር ያወጣዋል። ስለዚህ ጠዋት በብርድ የማይነበብ ዲስክ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያለ ችግር ሊነበብ ይችላል። በጎኑ ቆሞ የተጻፈ ዲስክም ተኝቶ ላይነበብ ይችላል፤ የክንዱ ክብደት ወደ ሌላ በኩል ያዘነብላልና። ከኮምፒውተሩ ሲያወጡት ተኝቶ ነበር ወይስ በጎኑ ቆሞ? አሁኑኑ ወረቀት ላይ ይጻፉት።

ሌላም ነገር አለው። ኤስቲ-225 ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ራሶቹን በራሱ ወደ ማረፊያቸው አይወስድም። የድሮ ሠራተኞች ኮምፒውተሩን ከማጥፋታቸው በፊት ትንሽ የማሳረፊያ ፕሮግራም የሚያስኬዱት ለዚህ ነበር። ያን ሳያደርጉ ካጠፉት ራሱ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ማለትም ከሰው ጽሑፍ በላይ ያርፋል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የኖረ ኤስቲ-225 ሲገጥመኝ ለዚህ ነው ራሱ የት እንዳረፈ ሳላውቅ የማልነቀንቀው። የእርስዎ በምናለሽ ተራ ጋሪ ባለመጫኑ ዕድለኛ ነው።

አሁን ትልቁን ነገር ልንገርዎ፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህን ያስታውሱ። ከዲስኩ ጋር በሁለት ጠፍጣፋ ኬብል፣ አንዱ ባለ 34 አንዱ ባለ 20 ሽቦ፣ የተያያዘው ካርድ የት አለ? ኮምፒውተሩን ጥለውት ከሆነ ሄደው ያምጡት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የዚህ ዘመን ዲስክ ራሱን የቻለ አይደለም። ከራሱ የሚመጣውን ምት አጉልቶ ይልካል እንጂ ምቱ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። ተርጓሚው ካርዱ ነው። የተለመደው አተረጓጎም ኤምኤፍኤም ይባላል፦ አንድ ከሆነ በቦታው መሃል ላይ ድንበር ይጻፋል፤ ሁለት ዜሮ ሲከታተል በመካከላቸው ድንበር ይጻፋል፤ ሌላው ባዶ ይተዋል። ካርዱ ሰዓቱን ከምቱ ጋር እያስማማ ይህን መልሶ ወደ ባይት ይለውጣል። ችግሩ፣ የየትራኩ መግቢያ፣ የሴክተሩ አድራሻ አጻጻፍና የስሕተት ማረጋገጫው ቁጥር ከካርድ ካርድ ይለያያል። አንዱ ካርድ የጻፈውን ሌላው ካርድ ባዶ ወይም የተበላሸ ብሎ ሊያየው ይችላል። አርኤልኤል የሚባለው ሌላው አተረጓጎም ደግሞ በአንድ ትራክ 17 ሳይሆን 26 ሴክተር ያስቀምጣል፤ ሲጌት ያንኑ አካል ለዚህ በሚመጥን ጥራት መርጦ ኤስቲ-238አር ብሎ በ30 ሜጋባይት ይሸጠው ነበር። ያልተመረጠውን 225 በአርኤልኤል ካርድ እየጻፉ 10 ሜጋባይት በነፃ ያገኙ የመሰላቸው ብልጦች ነበሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ይህን ከመጽሐፍ ያነበብኩት አይደለም፤ ጥፋቱ የራሴ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ወዳጄ የሰጠኝን እንዲህ ያለ ዲስክ እጄ ላይ ካለው ካርድ ጋር አገናኘሁት። ኮምፒውተሩ ምንም አላገኘም። «ባዶ ነው» ብዬ ከሥሩ ፎርማት አደረግሁት፣ ሠራ፣ ደስ አለኝ። ከወራት በኋላ ወዳጄ በእጁ የተጻፈ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ዲስኩ ላይ የአንድ ዕድር የብዙ ዓመት መዝገብ ነበረበት። ባዶ አልነበረም፤ ካርዴ ማንበብ አልቻለም እንጂ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

ዛሬ ለዚህ መድኃኒት አለ። ቢግልቦን በተባለው አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ የሚገጠም የኤምኤፍኤም ማንበቢያ ሰሌዳ አለ፤ የምቶቹን ጊዜ እንዳሉ ይቀዳል፤ የትኛው ካርድ እንደጻፋቸው በኋላ በፕሮግራም ይለያል። ያው ሰሌዳ ዲስኩን መስሎ በቦታው መሥራትም ይችላል፤ አሮጌው ኮምፒውተርዎ ልዩነቱን አያውቅም። ስብስቡ በእርግጥ ወደ ብዙ ዲስኮች የሚያድግ ከሆነ ከማንኛውም ዲስክ በፊት ይህን ይግዙ።

ወደ ኳንተሙ ስንሄድ ዘመን ተለውጧል። 52 ሜጋባይት የሚይዝ፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ነው። የካርዱ ሥራ ወደ ዲስኩ የራሱ ሰሌዳ ገብቷል። ስቴፐሩም ጠፍቷል፤ ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው በድምፅ ማጉያ ውስጥ እንዳለው ያለ፣ በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ ጥምጥም ሽቦ ነው። ይህኛው በጨለማ አይቆጥርም፤ ሳህኑ ላይ በፋብሪካ የተጻፉ ምልክቶችን እያነበበ ራሱን በየቅጽበቱ ያርማል። ሙቀት አያስተውም፣ መተኛትና መቆም ግድ አይሰጠውም፣ ፍጥነቱም ከሲጌቱ ጋር አይወዳደርም፤ የሲጌቱ ክንድ ትራክ ፈልጎ ለማግኘት በአማካይ 65 ሚሊሴኮንድ (የሴኮንድ ሺህኛ) ሲፈጅበት የዚህ 17 ነው። እኔን የሚያስደስተኝ ግን መቆለፊያው ነው። ዲስኩ ሲቆም ክንዱ ማረፊያው ላይ ይቆለፋል፤ የሚከፍተው ደግሞ ከሳህኖቹ መዞር የሚነሣው ነፋስ ነው። ነፋሱ አንዲት ትንሽ ክንፍ ይገፋል፣ ክንፏም ቁልፉን ትለቃለች። ኤሌክትሪክ የለው፣ ፕሮግራም የለው፤ እንዲሁ በነፋስ!

የሚሞተው ግን በአንዲት ጉርሻ በማታክል ጎማ ነው። ክንዱ ማረፊያው ላይ ሲደርስ እንዳይጋጭ የሚቀበለው የጎማ መመከቻ ከዓመታት በኋላ ይቀልጥና ሙጫ ይሆናል። ዲስኩ ይነሣል፣ ነፋሱ ቁልፉን ይከፍታል፣ ክንዱ ግን ሙጫው ይዞት አይላቀቅም። የእርስዎ ሲበራ በሚገባ ዞሮ፣ አንድ ሁለቴ ቀጭ ብሎ፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ከቆመ ምርመራው ተጠናቀቀ ማለት ነው፤ ሳህኑም ራሱም ደህና ናቸው። ሽፋኑን አንሥቶ ክንዱን በጥንቃቄ አላቅቆ፣ ሙጫውን ጠርጎ፣ በምትኩ ትንሽ ስስ ፕላስቲክ ማድረግ ብዙዎቹን መልሷል። ቁልፉን በጥንቃቄ ሳይከፍቱ ክንዱን አይጎትቱ ብቻ።

የኮነሩ ታሪክ አጭር ነው። ኩባንያውን ያቋቋመው ያው ፊኒስ ኮነር ነው፣ ከሲጌት ከወጣ በኋላ። ዲስኩ ጥሩ ዲስክ ነበር። በአንዳንድ ሞዴሎቹ ግን በአካሉና በሽፋኑ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ከጊዜ ጋር እየላላ ይቀልጣል፣ እንደ ማር እየዘለገ ወደ ውስጥ ይወርዳል። አንዲት ጠብታ ሳህኑ ላይ ካረፈች ራሱ በሚቀጥለው ዙር ይገናኛታል። ስለዚህ ኮነሩን ከማብራትዎ በፊት ዳር ዳሩን በጥሩ ብርሃን ይመልከቱ። በመጋጠሚያው ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጣትን የሚይዝ ነገር ከወጣ አያብሩት። ሳያገላብጡ እንዳለ አስቀምጠው ሽፋኑን ማንሣት የሚችል ሰው ይፈልጉለት።

ይህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ይወስደናል። ልክፈት ወይስ ልተው? ደህና የሚሠራን ዲስክ ከጉጉት የተነሣ አይክፈቱ፤ አለቀ። በሽፋኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳም በፕላስተር አይድፈኑ፤ የአየር ግፊቱ ከውጪ ጋር እኩል እንዲሆን በማጣሪያ የምትተነፍስበት ናት። እንደ ኳንተሙ በሽታው የታወቀና ከመክፈት በቀር መድኃኒት የሌለው ሲሆን ግን መክፈት ኃጢአት አይደለም። የድሮ ዲስክ ራስ ከዛሬው ይልቅ ከፍ ብሎ ስለሚንሳፈፍ ለትንሽ አቧራ ይታገሣል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሙቅ ውኃ ከፍተው እንፋሎቱ አቧራውን ካወረደ በኋላ፣ ሽፋኑን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አንሥተው የከፈቱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ካቻቢቴውን ከመያዝዎ በፊት እጅዎን ይታጠቡ፣ ሳህኑን በጣት አይንኩ፣ በአፍ «እፍ» አይበሉ። ምራቅ ሳህኑ ላይ ደርቆ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ።

የማብራቱ ቀን ሲደርስ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ዲስኩን ከክፍሉ ሙቀት ጋር ለአንድ ቀን ያላምዱት። ፓወር ሰፕላዩን ዲስኩ ላይ ሳይሰኩ ለብቻው ይለኩ፤ 5 እና 12 ቮልት ካልሰጠ አያስጠጉት። በሰሌዳው ላይ ያሉትን እንደ እንባ ጠብታ ያሉ ትንንሽ ካፓሲተሮች ይዩ፤ ታንታለም የሚባሉት ናቸው፣ አርጅተው ሲሞቱ እንደ ርችት ፈንድተው መስመሩን ያገናኛሉ። አንድ የሞተ ታንታለም ሲፈነዳ ያስደነግጣል እንጂ ዲስኩን ራሱን አይገድልም፤ ይቀየራል። ከዚያ ዳታ ኬብል ሳይሰኩ ኤሌክትሪክ ብቻ ይስጡትና ያዳምጡ። የሚያድግ ለስላሳ ጩኸት ጤና ነው። ማጉረምረም ብቻ ካለ ወዲያው ያጥፉ፤ ራሱ ተጣብቋል። ዲስኩን አግድም ይዘው በዘንጉ ዙሪያ የእጅዎን አንጓ ፈጠን አድርገው አንድ ጊዜ ያዙሩት፤ እንደ ቁልፍ። ጠረጴዛ ላይ አይምቱት። ኩሽኔታው ሲፈጭ ከተሰማ ደግሞ የመጨረሻ ጉዞው ሊሆን ስለሚችል ለመቅዳት ካልተዘጋጁ አያስነሡት። በሲጌቱ ላይ ጆሮ የሚበጣ ፉጨት ቢሰሙ አይሸበሩ፤ ከታች በዘንጉ ጫፍ ላይ የምትጫን የመሬት ማገናኛ ሞላ ናት። ትንሽ ለስላሳ ስፖንጅ ብትደገፍ ዝም ትላለች።

ለኮነሩና ለኳንተሙ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዛሬ በገበያ የሚገኙት የዩኤስቢ ማገናኛዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያረጀ ዲስክ አያውቁም። አድራሻ የሚቆጥሩበት ዘዴ ከእነዚህ በኋላ የመጣ ነው። ማገናኛው ምንም ስላላየ ዲስኩ ሞቷል ብለው አይደምድሙ። የ1990ዎቹ እናት ሰሌዳ ያለው አንድ ኮምፒውተር ለዚህ ሥራ ብቻ ያስቀምጡ። የኳንተሙንም ማገናኛ እግሮች ከኋላው ይቁጠሩ፤ 40 ከሆኑ አያያዙ አይዲኢ የሚባለው ነው፣ 50 ከሆኑ ስካዚ የሚባለው ሌላ አያያዝ ነውና የራሱ ካርድ ያስፈልገዋል።

ከተነሣ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ መቅዳት ነው። ምንም አይጻፉበት። ካወጡት ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ በላቲን ፊደልና በምልክት የተሞላ ትርጉም አልባ ነገር ቢያዩ አያጥፉት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ መንገድ ለላቲን ፊደላት በተሰጡት ቁጥሮች ላይ ይጭን ነበር፤ ጽሑፉ የሚነበበው ከተጻፈበት ፕሮግራምና ፎንት ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ከአጠገቡ ያለውን ፎንትና ፕሮግራም ጨምረው ይቅዱ። በእንዲህ ያሉ ዲስኮች ላይ ያለው የአማርኛ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና መዝገብ ምናልባት በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። ያም ሆኖ የሰው ገመና ነው። ከምናለሽ ተራ የተገዙት የማን እንደነበሩ አያውቁምና፣ ያገኙትን የግል ነገር ለማንም አያሳዩ። የአጎትዎን ግን ለአጎትዎ ያሳዩአቸው፤ የሚያውቁት ነገር ከዲስኩ የበለጠ ይሆናል።

ቀጥሎ ምን ልፈልግ ላሉት፣ እኔ በብዛት አልሰበስብም። አንድ ዲስክ ስብስቤ ውስጥ የሚገባው የሚናገረው ታሪክ ካለው ነው። ከሚኒስክራይብ አንድ ይኑርዎ፤ የኮሎራዶ ኩባንያ ነበር። በ1987 የጎደለ ክምችቱን ለመሸፈን በሳጥን ውስጥ ከዲስክ ይልቅ ጡብ አሽጎ መላኩ በኋላ ተጋልጦ በ1990 ከስሯል። የእርስዎ ሲጌት «እንደ ጡብ ከባድ» ነው ሲሉኝ የሣቅሁት ለዚህ ነው። ኳንተም በ1996 ያወጣው ቢግፉት ሌላው ነው፤ ሁሉ ወደ ትንሽ ሲሄድ እርሱ ለርካሽነት ሲል ወደ 5.25 ኢንች የተመለሰ ግትር ዲስክ። በተቃራኒው የሂውሌት ፓካርድ ኪቲሆክ በ1992 በ1.3 ኢንች 20 ሜጋባይት የያዘ ነው፤ ያጎትዎን ሲጌት መጠን በክብሪት ሣጥን ውስጥ ማለት ነው። ገበያ አላገኘም፤ ዛሬ ግን ሰብሳቢ ሁሉ ይፈልገዋል። የአይቢኤም ማይክሮድራይቭ፣ የ1999ኙ፣ ወደ አንድ ኢንች ወርዶ 340 ሜጋባይት ደርሷል፤ ይህኛው በድሮ ካሜራዎች ውስጥ እስካሁን ይገኛል። የሞተ ዲስክ ከፍተው ለግድግዳ የሚሰቅሉ ከሆነ ደግሞ የአይቢኤም ዴስክስታር 75ጂኤክስፒን ይፈልጉ። ሳህኖቹ ብርጭቆ ናቸው፤ ራሱ ወድቆ መግነጢሳዊውን ሽፋን ሲፍቀው ሳህኑ በኩል ወደ ማዶ ያዩበታል። ቡናማ ሳህን ያለው አሮጌና እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ አዲስ ጎን ለጎን ያድርጉ፤ ቡናማው አሁንም ያ የካልሲው ቀለም ዘር ነው፣ መስታወቱ ደግሞ በስስ ብረት የተለበጠ።

ሲያስቀምጧቸው ተኝተው፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ ርቀው ይሁኑ። የማይታመሙትን በየስድስት ወሩ ለግማሽ ሰዓት አስነሣቸዋለሁ፤ ራሱ አንድ ቦታ ብቻ እንዳያርፍ። በሲጌቱ ጀርባ የተለጠፈውን ወረቀት አይላጡ፤ ፋብሪካው በእጅ ወይም በማተሚያ የጻፈው የተበላሹ ትራኮች ዝርዝር ነው። ዲስኩ ከነጉድለቱ ነው የተሸጠው፣ ጉድለቱም ተመዝግቦ።

እስከዚያው ድረስ የካርዱን ነገር አጣርተው ይጻፉልኝ። ካርዱ ላይ በትልቁ ቺፕ አጠገብ የታተመ ቁጥር ይኖራል፤ ከዲስኩ አቀማመጥ ጋር አብረው ቢልኩልኝ በምን እንደሚነበብ እነግርዎታለሁ።